የምታወፍር ኪኒን

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም አካባቢ አንድ ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ጥር ሲቃረብና ሠርግ ሲበዛ ሁለት ጥያቄ አይጠፋም፦ ፊት የሚያቀላ ቅባትና የምታወፍር ኪኒን።

አንድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ ነጠላዋን እንዳጣፋች አንዲት ሴት ገባች። ከደብተር በተቀደደ ወረቀት የተጠቀለሉ ትንንሽ ነጭ ኪኒኖች አውጥታ "ዶክተርዬ፣ ይቺኑ ስጪኝ" አለችኝ። ስም የለው፣ ማሸጊያ የለው። የሰጠቻት ጎረቤቷ ናት፤ መዋጥ ከጀመረች ወራት አልፈዋል። ፊቷ ድቡልቡል ብሎ አብጧል፤ ክንዷ ግን የሕፃን ያህል ቀጭን ነው።

ይህን መልክ ሥራችን አስተምሮናል። ያወፍራሉ ተብለው ከሚዞሩት አንዱ ሳይፕሮሄፕታዲን የአለርጂ መድኃኒት ነው። የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ያሰኛል። የባሰው ዴክሳሜታሶን የተባለው ስቴሮይድ፣ እንደ ሰውነት ሆርሞን የሚሠራ ጠንካራ መድኃኒት ነው። ፊትና ሆድ ላይ ስብ እያከማቸ የእጅና የእግር ጡንቻን ይበላል። አጥንት ያሳሳል፤ ስኳርና ግፊት ይጨምራል።

አስቀምጬ ግፊቷን ለካሁት፤ ከፍ ብሏል።

"ለምን ጀመርሽው እህቴ?"

"ከወለድኩ በኋላ ከሳሁ። ለቅሶ ቤት ብሄድ፣ ዕድር ብሄድ፣ 'ምነው እንዲህ አለቅሽ? አመመሽ እንዴ?' ነው። ባለቤቴም 'አላበላትም ብለው ያሙኛል' አለኝ።"

እኛ ዘንድ መክሳት ያሳማል። ሴት ከሳች ማለት ወይ ታማለች፣ ወይ ትዳሯ አልተመቻትም ነው። አንጀቴን የሚበላው፣ ይህን የሚሏት ያሰቡላት መስሏቸው መሆኑ ነው። ገና አራስነቷን ሳትጨርስ ገላዋ የሰፈር ጉዳይ ይሆናል።

ጉዳቱን ስነግራት ደንግጣ "በቃ፣ ዛሬውኑ ሽንት ቤት እጨምረዋለሁ!" አለች። እጇን ያዝኳት። ስቴሮይድ ለወራት ሲወሰድ ሰውነት ግፊትን የሚጠብቀውን፣ ኮርቲሶል የተባለውን የራሱን ሆርሞን ማምረት ይተዋል። በድንገት ከተቋረጠ ግፊት ወርዶ ራስ ያስታል፤ ሊገድልም ይችላል። የሚቆመው በሐኪም ክትትል፣ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ኪኒኖቹን እንደያዘች ያኔውኑ ሆስፒታል እንድትሄድ ወረቀት ጻፍኩላት።

በኋላ የሚቀነሰው መጠን የተጻፈበት ማዘዣ ይዛ መጣች። ስኳሯም ከፍ ብሎ ተገኝቷል።

ከእሷ ወዲህ ከባልደረቦቼ ጋር አንድ ነገር ተስማማን። የምታወፍር ኪኒን የምትጠይቀንን ሴት "ያለ ማዘዣ አንሸጥም" ብለን ብቻ አንሸኛትም፤ ከሌላ ቦታ ታገኘዋለችና። መጀመሪያ ቀድማ ወስዳ እንደሆነ እንጠይቃለን። ወስዳ ከሆነ በራሷ እንዳታቋርጠው እንነግራትና ግፊቷን ለክተን ወደ ሐኪም እንልካታለን።