የተቀመጡ ሊንኮችን ከመተግበሪያ ወደ መተግበሪያ ያሻገርኩበት መንገድ

በኋላ ላነባቸው የማስቀምጣቸውን ሊንኮች የሚይዝ መተግበሪያ አለኝ፤ ማስታወሻ የምጽፍበትም ሌላ አለኝ። ሁለቱንም ለአይፎን የሠራኋቸው እኔው ነኝ። አንድ ጽሑፍ አንብቤ ስጨርስ ሊንኩ ከነርዕሱ ወደ ማስታወሻዬ እንዲሻገር ፈለግሁ፤ በየጊዜው ቀድቶ መለጠፍ ያሰለቻል።

የአይፎን ስርዓተ ክወና የሆነው አይኦኤስ መተግበሪያዎችን በየአጥራቸው ያኖራቸዋል፤ አንዱ የሌላውን ፋይል አያይም። የአንድ ሠሪ መተግበሪያዎች በአፕ ግሩፕ የጋራ ማከማቻ ሊኖራቸው ይችላል። ያንን ያልመረጥኩት ሌሎች የሠሯቸው መተግበሪያዎችም ሊንክ እንዲልኩልኝ ስለፈለግሁ ነው። ስለዚህ መተግበሪያዎች በአድራሻ (ዩአርኤል) የሚጠራሩበትን፣ ኤክስ-ኮልባክ-ዩአርኤል የተባለውን ስምምነት ያዝኩ። ላኪው በሚከፍተው አድራሻ ውስጥ የሚፈልገውን ተግባር፣ ሲሳካ የሚመለስበትን አድራሻና ሲከሽፍ የሚመለስበትን ሌላ አድራሻ ያስቀምጣል። የምጠቀምበት ረዳት ላይብረሪ (ተዘጋጅቶ የተጻፈ ኮድ) ይህን በትኖ ያነብልኛል፣ ለተግባሩ የጻፍኩትን ኮድ ይጠራል፣ መልሱንም ለላኪው ያደርሳል። ይህ ክፍል ብዙ አላደከመኝም።

ያደከመኝ በአድራሻ ውስጥ አድራሻ ማስገባት ነው። የሚላከው ሊንክ በውስጡ መረጃዎችን የሚለየው & ካለው ተቀባዩ እዚያው ላይ ይቆርጠዋል፤ የተረፈውንም የሌላ መረጃ መጀመሪያ አድርጎ ያነበዋል። ስለዚህ &ን በ%26፣ ክፍት ቦታን በ%20፣ #ን በ%23 መተካት ግድ ነው፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ። እኔም ላይብረሪውም ከተካን % ራሱ %25 ስለሚሆን፣ %20 የነበረው %2520 ይሆናል። በደረሰ ርዕስ ውስጥ %20 ተጽፎ ካያችሁ ሌላ ምርመራ አያሻም፤ ሁለት እጅ ነክቶታል። እኔ ሥራውን ለላይብረሪው ትቼ ጥሬውን አቀብላለሁ። የመመለሻው አድራሻ የራሱን መረጃ ሲይዝ ግን መጀመሪያ መረጃው፣ ቀጥሎ አድራሻው በሙሉ ስለሚተካ ድርብ መተካት ትክክል ነው፤ ግራ የሚያጋባውም ይህ ነው። የግዕዝ ፊደል ደግሞ ዩቲኤፍ-8 በተባለው የፊደል አወካከል 3 ባይት ስለሚይዝ፣ እያንዳንዱ ባይትም እንደ %20 በ3 ምልክት ስለሚጻፍ፣ አንዷ «ሀ» 9 ምልክት ትሆናለች። አድራሻው ቢንዛዛ አትደንግጡ።

እ.ኤ.አ. በ2015 ከወጣው አይኦኤስ 9 ወዲህ፣ ሌላ መተግበሪያ ስልኩ ላይ መኖሩን ለመጠየቅ የአድራሻውን መነሻ ስም (ከ:// በፊት ያለውን) የጠያቂው መተግበሪያ መግለጫ በሆነው በኢንፎ ፋይሉ ውስጥ አስቀድሞ ማስፈር ያስፈልጋል። ካልሰፈረ መተግበሪያው ኖሮም መልሱ «የለም» ነው።

መልስ ላይም ብዙ እምነት አልጥልም። ተጠቃሚው መሃል ላይ ጥሪ መጥቶበት ከወጣ የመሳካትም የመክሸፍም ወሬ አይመጣም። ስለዚህ የተላከ ሊንክ ከንባብ ዝርዝሩ ወዲያው አይጠፋም፤ «ተልኳል» የሚል ምልክት ይዞ ይቆያል፣ የሚወጣውም የመሳካት መልስ ሲደርስ ብቻ ነው። ተቀባዩም ያው ሊንክ ዳግመኛ ቢመጣ ሁለተኛ ማስታወሻ አይከፍትም።

የአድራሻ መነሻ ስም ባለቤት የለውም፤ ማንኛውም መተግበሪያ የእኔን ስም የራሱ አድርጎ ሊያስመዘግብ ይችላል። ስለሆነም የይለፍ ቃልም ሆነ የመግቢያ ቁልፍ በዚህ መንገድ አልልክም። በዚህ በር ከውጭ ማስታወሻ መጨመር እንጂ መሰረዝ አይቻልም፤ በኤችቲቲፒ ወይም በኤችቲቲፒኤስ የማይጀምር ሊንክም አይገባም።