ቁልፉን ኪሳቸው የከተቱት ሾፌር

በደቡብ ኦሞ የሚሠራ ሰው ቶሎ የሚማረው ነገር ቢኖር ሰማይ ጠራ ብሎ ወንዝ አለመድፈርን ነው። ቱርሚ አጠገብ ያለው ካስኬ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ነው፤ ከብት ይነዳበታል፣ ውሃ የፈለገ ይቆፍረዋል። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባለው ዝናብ ግን ላይ ተራራው ላይ የጣለው፣ እታች ፀሐይ እንደወጣች፣ ድንገት ደርሶ አሸዋውን ይሞላዋል። የድርጅታችን ላንድክሩዘር የተያዘችው እንዲህ ባለ የሚያዝያ ቀን ነበር።

በወቅቱ የአንድ እርዳታ ድርጅት መካኒክ ሆኜ ጂንካ ነበርኩ። የደወለልኝ የመስክ አስተባባሪው ነው። ቡድኑ የከብት ክትባት ይዟል፤ ሳጥኑ ውስጥ ያለው በረዶ ይቀልጣል፤ መኪናዋ ውሃው መካከል ሞተሯ ጠፍቶ ቆማ በትራክተር ወጥታለች። ከሁሉ ያናደዱት ግን ሾፌሩ ናቸው። «ቁልፉን ኪሳቸው ከተው አልሰጥም ብለዋል፤ አንተ ንገራቸው!» አለኝ።

ስልኩን ለሾፌሩ፣ ለጋሼ፣ እንዲሰጥልኝ ጠየቅሁት።

«ባትሪውን ፈትቻለሁ ልጄ። አንተ ሳትደርስ ማንም አይነካትም» አሉና ስልኩን መለሱለት። ምክሬን የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። አስተባባሪው ክትባቱን በሌላ መኪና እንዲያሳልፍ ነግሬው መንገድ ጀመርኩ።

አልፈርድበትም። መኪና ሲቆም ቁልፍ ማዞር ለማንም የሚመጣ የመጀመሪያ ሐሳብ ነው። የናፍጣ ሞተር ግን ብዙ ጊዜ የሚሰበረው ወንዙ ውስጥ ሳይሆን ከወጣ በኋላ በሚደረግበት «እስቲ እንሞክረው» ነው። የዚህች መኪና ሞተር ዋን ኤች ዚ የሚባለው፣ ባለ 6 ሲሊንደር፣ 4.2 ሊትር ነው። አየሩን ከ20 እጥፍ በላይ ያምቃል፤ ፒስቶኑ ጫፍ ሲደርስ የሚተርፈው ባዶ ቦታ ከ30 ሚሊ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ከሁለት የሾርባ ማንኪያ ጥቂት የሚያልፍ ውሃ ይደፍነዋል። አየር ይታመቃል፣ ውሃ አይታመቅም። ሞተር የሚያስነሣው ሞተሪኖ ሲያዞረው አንዳንዴ አቅም ያጥረውና ቆሞ ሞተሩ ይተርፋል። ማርሽ አስገብቶ በትራክተር መጎተት ግን ምሕረት የለውም፤ የጉተታው ጉልበት ሁሉ ፒስቶኑን በያዘው ዘንግ፣ በቢዬላው ላይ ያርፋል፣ ቢዬላውም ይጣመማል።

ስደርስ የትራክተሩ ነጂ ገመዱን ገና አልፈታም። «ወንድሜ፣ በሁለተኛ ማርሽ ትንሽ ብጎትታት ትነሣለች፤ ስንቱን አስነሥቻለሁ!» አለኝ። ማስነሣቱን አልተጠራጠርኩም፤ ባትሪ የደከመባት መኪና እንዲያ ትነሣለች። አመስግኜ ገመዱን ራሴ ፈታሁ።

በቅድሚያ የከፈትኩት የአየር ማጣሪያውን ነው። ወረቀቱ ርሶ ተጣብቋል፣ ቤቱ ሥር ደለል ተኝቷል። ስለዚህ ሲሊንደር ውስጥ ውሃ አለ ብዬ ተነሣሁ። ሲሊንደሩን ለማስነሣት የሚያሞቁትን ካንዴሌታዎች በሙሉ አወጣሁና፣ ባትሪው እንደተፈታ፣ የፊተኛውን ፑሊ ብሎን በመፍቻ ይዤ ሞተሩን በእጄ አዞርኩት። ቀስ ብሎ ዞረ፤ የሚይዘው ነገር የለም። ከሁለት ቀዳዳ ውሃ እየተገፋ ወጣ። ባትሪው የታሰረውና በሞተሪኖ የተዞረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የቀረው ውሃ እንደ ጭስ ተተፍቶ አለቀ። በዚህ ሰዓት ፊትን ከቀዳዳዎቹ ማራቅ ግድ ነው፤ አስተባባሪው አጎንብሶ ሊያይ ሲል ጋሼ በክንዱ ይዘው መለሱት።

የዘይቱን መፍሰሻ ስፈታ መጀመሪያ የወረደው ውሃ ነው፤ ጥቁሩ ዘይት ተከተለው። አልተቀላቀሉም። ይህ ለእኔ ከማንኛውም ሪፖርት የበለጠ ምስክር ነበር፤ ውሃው ከገባ በኋላ ሞተሩ አልተሞከረም። ቢሞከር ኖሮ የሚወርደው ማኪያቶ የመሰለ ነገር ነበር፤ ያ ደግሞ በዘይት መስመሩ ሁሉ ዞሮ የሚሽከረከረውን ዘንግ የተሸከመውን ኩሽኔታ ይበላል። በርካሽ ዘይት ሞላሁት፤ ሞተሩ ጥቂት ሠርቶ ሲሞቅ ለመድፋት ነው፣ 10 ሊትር ገደማ ቢፈጅም አይቆጭም። የስድስቱንም ሲሊንደር ግፊት ለካሁ። ቢዬላው የተጣመመ ሲሊንደር ቁጥሩ ዝቅ ይላል፤ እነዚህ ተቀራራቢ ነበሩ። ከናፍጣ ማጣሪያው ሥርም የተጠራቀመውን ውሃ አፈሰስኩ።

ሁሉ ተገጥሞ ቁልፉ ሲዞር ሞተሩ በደንብ ይሽከረከራል፣ አይነሣም። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የናፍጣ ፖምፓውን ወደ መፍታት ይሮጣል። እኔ ወደ ጭስ ማውጫው ሄድኩ። ሞተሩ ሲዞር ነጭ ጭስ ቢወጣ ናፍጣው ደርሷል፣ አልተቀጣጠለም ማለት ነው። ምንም ጭስ አልነበረም፤ ናፍጣው ከነጭራሹ አልደረሰም። ፖምፓው ላይ ናፍጣ የሚከፍት፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ትንሽ ሶሌኖይድ አለ፤ ኤሌክትሪክ ካጣ ሞተሩ ቀኑን ሙሉ ቢዞር ጠብታ አያልፍም። በመፈተሻ መብራት ስፈትሸው ኤሌክትሪክ አይደርሰውም። ከባትሪው በሽቦ በቀጥታ ሳገናኘው ቀጭ አለ። ሞተሩ ነጭ ጭስ አግተልትሎ፣ ተንቀጥቅጦ፣ ተነሣ። ጥፋቱ ደለል የሞላው የሽቦ ማያያዣ ሆኖ ተገኘ፤ ተጠርጎና ደርቆ ሥራውን ቀጠለ።

አስተባባሪው ወዲያው እንሂድ አለ። የሚቀር ሥራ ነበር። ጉልበቱን ለጎማዎቹ የሚያካፍለው ዲፈረንሻል በመንገድ ግሎ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲገባ ውስጡ ያለው አየር ይኮማተርና ውሃውን በመተንፈሻው ወይም ዘይት እንዳይወጣ በሚያግደው ላስቲክ በኩል ይስባል። የሁለቱንም ዲፈረንሻል ዘይት አየሁ፤ የኋለኛው ነጥቷል። እሱን ሳልቀይር አልለቀቅኋትም። የማርሹ ቤት፣ ካምቢዮው፣ ደህና ነበር፤ ሞተሪኖውን ግን ጂንካ ፈትቼ ሳጥበው የወጣውን ደለል ብታዩ የጓሮ አትክልት ይተከልበታል ትላላችሁ።

አሁን ጥያቄው ይህች መኪና አየር ከላይ የሚስብ ቧንቧ፣ ስኖርክል፣ እያላት ውሃ እንዴት ጠጣች የሚለው ነው። ከአየር ማጣሪያው ቤት ሥር አቧራ የምትጥል ትንሽ ላስቲክ አለች። የእኛ ላይ የለችም። ላይ ጣሪያው ድረስ ቧንቧ ተተክሎ፣ ሥሩ ጣት የሚያስገባ ቀዳዳ ክፍት ነበር።

ሪፖርቱ ላይ «የብልሽቱ ምክንያት» በሚለው መስመር አስተባባሪው «የተፈጥሮ አደጋ» ብሎ ነበር። ከሥሩ «የጎደለች ላስቲክ» ብዬ ጨመርኩ። አልተደሰተም። የሌሎቹን መኪኖች ኮፈን ስከፍት ግን አንደኛዋም መኪና ላይ እንዲሁ ላስቲኳ የለችም፤ በአስቸኳይ ይገዛ ብዬ ጠየቅሁ። ቅጹ ከግዢ ክፍል «እንዲህ ያለ ርካሽ ዕቃ ለምን አስቸኳይ ሆነ?» የሚል ጥያቄ ተጽፎበት ተመለሰ። የሙሉ ሞተር ዋጋ የያዘ ወረቀት አያይዤ መልሼ ላክሁት። እስኪፈቀድ ድረስ ጋሼ ከአሮጌ ከመነዳሪ ቆርጠው በሽቦ ባሰሯት ሠራን።