«አይቸኩሉ እትዬ፣ ገና ነው» ብዬ የመከርኩ ቀን

የጉዞ ወኪል ቢሮ ውስጥ ነው የምሰራው፣ አብዛኛውን ጊዜ የምሸጠው ክሩዝ፣ ማለት የመርከብ ሽርሽር ነው። ሰው ክሩዝ ሲባል ገንዳው፣ ቡፌው፣ የማታው ሙዚቃ ነው የሚታየው፤ እኔ ግን ቀድሞ የሚመጣብኝ የስረዛ ሰንጠረዡ ነው። ስንት ቀን ሲቀረው ስንት ፐርሰንት ይቆረጣል የሚለው ማለቴ ነው። እንዲህ ስል ጉራ እንዳይመስላችሁ፣ የማወራችሁ ያንን ሰንጠረዥ በቃሌ አውቀዋለሁ ብዬ እንዴት እንደተዋረድኩ ነው።

ደንበኞቼ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ታላቅየዋ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ታናሽየዋ ጉልበታቸውን ከቆየ ጀምሮ የሚያማቸው፣ ግን ከሁሉም በላይ ባህር ማየት የጓጉት እሳቸው ነበሩ። 7 ሌሊት፣ አንድ ካቢን (የመርከብ ክፍል) ለሁለት፣ ባልኮኒ ያለው። ታላቅየዋን እትዬ ነው የምላቸው። ሁሉን ነገር ቶሎ ጨርሰው መገላገል የሚወዱ ሰው ናቸው፣ ለጊዜው ቀብዱ ይበቃል ቀሪውን በኋላ ትከፍላላችሁ ብላቸው «እኔ ዕዳ ይዤ አልተኛም» ብለው የሁለቱንም ሙሉውን በአንዴ ከፈሉ። ይህቺን ነገር ያዙልኝ፣ በኋላ ጉድ የሰራችን እሷ ናት።

መርከቡ ሊነሳ 93 ቀን ሲቀረው ደወሉልኝ።

«ልጄ፣ የእህቴ ጉልበት ብሶበታል። ሐኪሙ ኦፕራሲዮን ሳያስፈልግ አይቀርም እያለ ነው። አሁኑኑ የሷን ብንሰርዘው አይሻልም?»

እኔ በሌላ መስመር ሰው ይዣለሁ፣ ፊቴ ደግሞ አንድ ቤተሰብ ተቀምጦ የካቢን ካርታ እየመረጠ ነው። ስልኩን በትከሻዬ ይዤ፣ ስክሪን እንኳን ሳልከፍት፣ «አይቸኩሉ እትዬ፣ ገና ነው። 75 ቀን እስኪቀረው ድረስ ብትሰርዙ አንድም ነገር አይቆረጥባችሁም። ሐኪሙ ቁርጡን ይንገራችሁና ያኔ ትደውሉልኛላችሁ» አልኳቸው። «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ። «እርግጠኛ ነኝ» አልኩ። እቺ እርግጠኛ ነኝ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች።

የሐኪሙ ቀጠሮ ተራዘመ፣ ከዛ ኤምአርአይ ታዘዘ፣ ውጤቱ ዘገየ ምናምን። ሲመለሱ 78 ቀን ቀርቶታል። ኦፕራሲዮኑ ቁርጥ ሆኗል፣ ታናሽየዋ አይሄዱም። እትዬ ደግሞ ስልክ ላይ ዘና ብለው ነው፣ «ያልከው ቀን ሳይደርስ ነው የደወልኩት አይደል?» ይሉኛል። አዎ አዎ እያልኩ ቡኪንጉን ከፈትኩና የታናሽየዋን ስም መርጬ ስረዛውን ሳልጨርስ ሂሳቡን እንዲያሳየኝ ጠየቅኩት። የቅጣት ሳጥን ውስጥ 25 ፐርሰንት ብሎ ቁጭ አለ።

ሲስተሙ ተሳስቷል ብዬ ወጥቼ ገባሁ። 25። ሌላ ብራውዘር ላይ ሞከርኩ። 25። «እትዬ አንድ ጊዜ ይጠብቁኝ» ብዬ መስመሩን ያዝ አድርጌ ኮንፈርሜሽኑን፣ ማለት የጉዞ ማረጋገጫ ወረቀቱን አወጣሁት፣ አራተኛው ገጽ ላይ፣ ሰው በማያነበው በዛ ደቃቅ ጽሁፍ፣ ሰንጠረዡ አለ። 90 ቀንና ከዛ በላይ ሲቀረው ምንም፣ ከ89 እስከ 75 ቀን 25 ፐርሰንት፣ ከ74 እስከ 61 ግማሹ፣ ከ60 እስከ 31 ሰባ አምስት ፐርሰንት፣ ከ30 ቀን ወዲህ በቃ ሙሉው ሄደ። ማለት መጀመሪያ በደወሉልኝ ቀን ዝም ብዬ ያሉኝን ብሰርዝላቸው ኖሮ ሳንቲም አይጎድልም ነበር። የሰውየው ምክር ነው ያከሰራቸው፣ ሰውየው ደግሞ እኔ ነኝ።

75 ከየት መጣች ካላችሁ፣ ከድሮው ነው የመጣችው። ያ ኩባንያ በፊት ቀኑ 75 ነበር፣ ለዓመታት ስንት ሺህ ጊዜ ለሰው ብያታለሁ መሰላችሁ። ከዛ እ.ኤ.አ. 2020፣ የኮሮና ጊዜ መጣ። የዚህ ስራ ሰው ያንን ጊዜ አይረሳውም፤ ፌብሩዋሪ ላይ ዳይመንድ ፕሪንሰስ የምትባለው መርከብ 3,711 ሰው እንደያዘች ጃፓን ዮኮሃማ ወደብ ላይ ኳራንቲን ገብታ ዜናው ሁሉ እሷ ሆነች፣ ስልካችን ሰርዙልኝ በሚል ሰው ተጨናነቀ፣ ኩባንያዎቹ ደግሞ ሰው ደንግጦ ሁሉንም እንዳይጥልባቸው መርከቡ ሊነሳ 48 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ መሰረዝ ትችላላችሁ፣ ገንዘባችሁ ግን ለሌላ ጉዞ በክሬዲት ይያዝላችኋል የሚል ነገር ይዘው መጡ። ብዙም ሳይቆይ ማርች 14 የአሜሪካው የበሽታ መከላከያ መስሪያ ቤት ሲዲሲ መርከቦች ሰው ይዘው እንዳይነሱ አዘዘና ሁሉም ቆመ። ያኔ ራሳቸው ለሰረዙት ጉዞ ወይ ገንዘባችሁን ውሰዱ ወይ 125 ፐርሰንት ክሬዲት እንስጣችሁ ያሉ ነበሩ፣ እኔም ለስንቱ ሰው 125ቱ ይሻላል ብያለሁ። ክሬዲት ግን ማብቂያ ቀን አለው፣ ብዙውን ጊዜ ለሌላ ሰው አይተላለፍም፣ ያ ሁሉ መርከብ ሲቆም ደግሞ አንዳንዱ ጭራሽ አልተመለሰም፤ በዛው ዓመት ቱርክ አሊያጋ ላይ እየተበጣጠሱ ብረት የሆኑት የክሩዝ መርከቦች ፎቶ ትዝ ይለኛል። በሱ ጉዳይ ከጀመርኩ አልጨርስም፣ ልተወው።

ለማለት የፈለግኩት፣ ያ የመላላት ጊዜ ሁላችንንም አሰነፈን። ደንበኛውም ወኪሉም ስረዛ ማለት እንደፈለጉ የሚነካ ነገር መሰለን። ከዛ ኩባንያዎቹ ቀስ እያሉ ማጥበቅ ጀመሩ፣ አንዱ ቀኑን ወደ 90 ገፋው፣ አንዱ የማይመለስ ቀብድ ያለበትን ርካሽ ዋጋ ፊት ለፊት አስቀመጠ፣ ሌላው ፐርሰንቱን ከፍ አደረገ። ደወል ተደውሎ የተነገረ ነገር የለም፣ ከመቶ የማስታወቂያ ኢሜይል መሃል አንዷ ናት። መዘዙ ደግሞ አዲሱ ደንብ የሚሰራው ከዚህ ቀን በኋላ ለተያዘ ቡኪንግ ነው ስለሚባል፣ አንድ መርከብ አንድ ኮሪደር ላይ ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ካቢኖች ሁለት የተለያየ የስረዛ ደንብ ሊኖራቸው ይችላል። እኔ ደግሞ በቃሌ።

እና ያቺ ያዙልኝ ያልኳችሁ ነገር። የመጨረሻ ክፍያ ቀን፣ ማለት ያው 90ኛው ቀን ሲቃረብ ሲስተሙ ቀይ ማስታወሻ ይልክልናል፣ ግን ቀሪ ያለበት ሰው ካለ ብቻ ነው። እትዬ ዕዳ ይዤ አልተኛም ብለው ሁሉንም ከፍለዋል። ስለዚህ 90ኛው ቀን መጣ ሄደ፣ ማንም ጩኸት አላሰማም። ጠንቃቃነታቸው ነው ማስጠንቀቂያውን ያጠፋው፣ እስቲ አሁን ይሄ ፍትህ ነው?

መስመሩን መልሼ ከፈትኩ። እውነቱን ለመናገር ለአንድ ሰከንድ ኩባንያው ደንቡን ቀየረው ብዬ ልገላገል አስቤ ነበር፣ ውሸትም አይደለም እኮ። ግን ቡኪንጉ የተያዘው ደንቡ ከተቀየረ በኋላ ነው፣ ወረቀቱ እጄ ላይ ነበር። «እትዬ፣ ተሳስቼ ነው የነገርኳችሁ። ቀኑ 75 ሳይሆን 90 ነበር። ያኔ በደወሉ ጊዜ ነበር መሰረዝ የነበረብን፣ ጥፋቱ የኔ ነው» አልኳቸው።

ዝም አሉ። ቢጮሁብኝ ይሻለኝ ነበር። ከዛ «በዜና ገንዘብ ይመልሱ የሚል ሕግ ወጣ ሲሉ ሰምቻለሁ እኮ» አሉ። ይሄን ብዙ ሰው ነው የሚለኝ። ሕጉ አለ፣ የአሜሪካው የባህር ማጓጓዣ ተቆጣጣሪ፣ ፌዴራል ማሪታይም ኮሚሽን፣ እ.ኤ.አ. በ2022 ያጠናከረው ነው፣ ግን እሱ ከአሜሪካ ወደብ የሚነሳ ጉዞ ላይ ኩባንያው ራሱ ሲሰርዝ ወይም መነሻውን 3 ቀንና ከዛ በላይ ሲያዘገይ ነው። አውሮፓም ፓኬጅ የሸጠልህ ድርጅት ሲሰርዝ በ14 ቀን ውስጥ ይመልሳል፣ መንገደኛው ራሱ ያለቅጣት የሚሰርዘው ደግሞ የሚሄድበት ቦታ ላይ ከአቅም በላይ የሆነ ነገር ሲደርስ ነው። ጉልበት ከነዚህ ውስጥ አይገባም። መርከቡ ቀረብህ እና አንተ ቀረህ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው።

ኢንሹራንስስ አትሉም? ሲከፍሉ ስለሱ አንስቼ ነበር፣ «በኋላ እናየዋለን» ተባባልን። በኋላ የሚባል ነገር የለውም ማለት ይቻላል፤ በማንኛውም ምክንያት ብሰርዝ የሚለው ዓይነት ብዙውን ጊዜ የመጀመሪያው ክፍያ በተከፈለ ከ14 እስከ 21 ቀን ውስጥ ካልተገዛ አይሸጥም፣ ተገዝቶም ቢሆን የሚመልሰው ከ50 እስከ 75 ፐርሰንት ነው። ነባር ህመምንም የሚሸፍኑት አብዛኛውን ጊዜ በነዛው የመጀመሪያ ቀናት ውስጥ ለገዛ ነው። የታናሽየዋ ጉልበት ደግሞ ከነባርም ነባር ነው። እዛ ላይም ገፍቼ መናገር ነበረብኝ።

ሳልነግራቸው የቆየሁት የባሰው ነገር ገና ነበር። የክሩዝ ካቢን ዋጋ ለሁለት ሰው ታስቦ ነው የሚሰራው። አንዷ ስትሰረዝ የቀረችው ብቻዋን ካቢን እንደያዘች ይቆጠርና ዋጋው እስከ ሁለት እጥፍ ይደርሳል። ስለዚህ ታናሽየዋ ቅጣት ይቆረጥባቸዋል፣ ታላቅየዋ ደግሞ ባዶ አልጋውን ይከፍላሉ። ይሄን ስነግራቸው «እና ለምንድነው አልጋ የምቀጣው?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፣ አሁንም የለኝም።

አለቃዬ ጋ ገባሁ። አለቃችን የምትናደድ ሴት ናት፣ ያን ቀን ግን አልተናደደችም፣ ወረቀቱን አይታ «አልሰረዝክም አይደል?» ብቻ አለችኝ። አልሰረዝኩም። «ጥሩ። እንዳትነካው። ማንንም አንሰርዝም፣ ስም እንቀይራለን። ካልሆነ ቅጣቱን ቢሮው ይችላል፣ ከዛ አንተና እኔ እንነጋገራለን።»

የስም ለውጥ! ለስንት ዓመት የሰራሁት ነገር በድንጋጤ ከጭንቅላቴ ወጥቶ ነበር። በኛ ቡኪንግ ደንብ መጀመሪያ ከያዙት ሁለት ሰዎች አንዱ እስካለ ድረስ ሌላውን በሌላ ሰው መተካት ይቻላል፣ ስረዛ ሳይሆን ማሻሻያ ተብሎ ነው የሚያዘው። ኩባንያው ጋ ደወልኩ፣ 50 ደቂቃ ሙዚቃ ሰማሁ፣ ከዛ አንዲት ልጅ አነሳችና ይቻላል፣ ዋጋውም አይቀየርም አለችኝ። ኢሜይል ላኪልኝ አልኳት። «ማስታወሻ ይዤልሃለሁ» አለች። አይ፣ ኢሜይል ላኪልኝ፣ እስኪደርሰኝ መስመሩ ላይ እቆያለሁ። ለኔ ማስታወሻ ማለት ከዛ ቀን ወዲህ ሰው ያላየው ነገር ነው። ኢሜይሉ መጣ፣ ስክሪንሾትም አነሳሁ።

ለእትዬ ደወልኩ፣ ሰው ይፈልጉ አልኳቸው። የታናሽየዋ ልጅ ተገኘች፣ በእናቷ ቦታ ልትሄድ፣ ለእናቷም የከፈሉትን ልትመልስላቸው። ፓስፖርቷ ላይ ደግሞ ልቤ ቆመ፣ ከጉዞው በኋላ ቢያንስ 6 ወር ሊኖረው ይገባል፣ የሷ ከጉዞው በኋላ 7 ወር ነበረው። ስሟን ፊደል በፊደል ሶስት ጊዜ አንብቤላት ነው ያስገባሁት፣ ሶስተኛው ላይ ሳቀችብኝ።

ከዛ ወዲህ «ስንት ቀን ሲቀረው» የሚባል ነገር ለደንበኛ አልናገርም። ቀን ነው የምናገረው፣ ወርና ቁጥሩ ተጠርቶ፣ ያውም ከራሱ ከሰውየው ኮንፈርሜሽን ላይ እያነበብኩ። የማንም ሂሳብ ቢዘጋ ባይዘጋ ከቅጣት ነጻ የሆነው የመጨረሻ ቀን ስልኬ ካላንደር ላይ አለ፣ ሳምንት ሲቀረው ይጮሃል። ሰዓቱንም ጭምር፣ ምክንያቱም ቀኑ የሚያልቀው በኩባንያው ዋና መስሪያ ቤት ሰዓት ነው፤ አንዲት የስራ ባልደረባዬ እኩለ ሌሊት አልሞላም ብላ የሰረዘችው እነሱ ጋ በነጋታው ሆኖ ተቆጥሮባት ቅጣቱ ወደሚቀጥለው ደረጃ ዘሎባታል። እና አሁን አሁን ደንበኛ ልሰርዝ ወይ ሲለኝ መጀመሪያ አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፣ ካቢኑ ውስጥ የሚቀር ሰው አለ ወይ?

እትዬ ከጉዞው ተመልሰው ቢሮ መጡ። ፊታቸው ጠቁሯል፣ ደስ ብሏቸዋል፣ የታናሽየዋም ጉልበት ድኗልና አሁን ሁለቱ አብረው ሊሄዱ ነው። ያዝኩላቸው፣ በዚህኛው ኢንሹራንሱን በዛው ቀን አስገዛኋቸው፣ ሙሉውን ልክፈል ሲሉም ቀብዱ ይበቃል ብዬ ተከራከርኩ፣ ተሸነፉ። ሊወጡ ሲሉ ከቦርሳቸው የተማሪ ደብተር አወጡና ባዶ ገጽ ገልጠው ፊቴ አስቀመጡት።

«እስከ ስንት ቀን እንደምንሰርዝ በእጅህ ጻፍ። ሰዓቱንም።»

ኮንፈርሜሽኑን ከፍቼ እያየሁ ጻፍኩ። መነጽራቸውን አድርገው ከስክሪኑ ጋር አመሳከሩና ብዕሩን መልሰው ሰጡኝ።

«ፈርምበት።»