በእቁብ ብር ሱፐርዙም ካሜራ፦ ከጣና ዳር የልምድ ማካፈያ

የወፍ ፎቶዎቼን አይታችሁ "በምን አነሳሃቸው? ስንት ፈጀብህ?" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። ለእያንዳንዱ ሰው ለየብቻ ከምመልስ የካሜራ ምርጫውንም፣ ልምምዱንም፣ እስካሁን የደረስኩበትንም እዚህ ላይ ላስፍረው።

ባሕር ዳር ላይ በስልክ ወፍ ማንሳት የጀመረ ሰው አንድ ቦታ ላይ መቆሙ አይቀርም። ፔሊካኖቹ ዓሣ የሚበለትበት ዳርቻ ድረስ ስለሚመጡ ለእነሱ ስልክ ይበቃል። የዓሣ ንስሩ ግን ዛፍ ጫፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስልኩን ዙም ስታደርጉት የሚወጣው ነጭና ቡናማ ጭቃ ነው። ሌንሱ የሚቀያየር ካሜራ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው ከሒሳብ ወጣ። አካሉ በርካሽ ቢገኝ እንኳ ለወፍ የሚሆነው ሌንስ ከአካሉ በላይ ያስወጣል። ስለዚህ የቀረኝ ሱፐርዙም ነበር። ሌንሱ አይነቀልም፤ ከሰፊ እስከ በጣም ሩቅ ድረስ በአንዱ ሌንስ ትሠራላችሁ።

ገበያ ስትወጡ የምትሰሙት "ይሄ ስንት ኤክስ ነው?" የሚለውን ነው። ሻጩም ገዢውም በዚህ ቁጥር ነው የሚነጋገሩት። ቁጥሩ ግን የማካፈል ውጤት ብቻ ነው። የሌንሱ ረጅም ጫፍ ለአጭሩ ጫፍ ሲካፈል ኤክስ ይባላል። የሌንስ ርዝመት በሚሊ ሜትር ነው የሚነገረው፤ ቁጥሩ ሲበዛ ሩቁን ያቀርባል። ካነን ኤስኤክስ 50 ከ24 እስከ 1200 ሚሊ ሜትር ይሄዳል፤ 50 ኤክስ ነው። ፓናሶኒክ ኤፍዜድ 80 ከ20 እስከ 1200 ይሄዳል፤ 60 ኤክስ ነው። ሩቅ ያለችውን ወፍ ግን ሁለቱም እኩል ነው የሚያቀርቧት። ልዩነቱ ሙሉ በሙሉ በሰፊው በኩል ነው። ስለዚህ ሻጩን "መጨረሻው ስንት ሚሊ ሜትር ነው?" በሉት። ካላወቀው ሌንሱ ዙሪያ ወይም ካርቶኑ ላይ ፈልጉ። ሌንሱ ላይ የሚጻፈው ብዙውን ጊዜ እውነተኛው ርዝመት ስለሆነ እንዳያደናግራችሁ። 1200 የሚባለው የኤፍዜድ 80 ሌንስ ላይ 215 ነው የሚነበበው። 1200 ያሰኘው ከድሮው የፊልም ካሜራ ጋር ሲነጻጸር ነው።

አንድ ቀላል ሒሳብ ብዙ ብር ያድናል። የወፏን ርቀት በሜትር በ36 አባዙትና ለሚሊ ሜትሩ አካፍሉት። ፎቶው ውስጥ የሚገባውን ስፋት በሜትር በግምት ይሰጣችኋል። በ1200 ሚሊ ሜትር፣ ከ100 ሜትር ርቀት፣ 3 ሜትር ስፋት ይገባል። ክንፉን የዘረጋ ትልቅ ፔሊካን ይህን ሊሞላው ይችላል። በ2000 ሚሊ ሜትር ከዚያው ቦታ 1.8 ሜትር ይገባል። አሁን ደግሞ ደንገል ውስጥ የምትቀመጠዋን ባለ ሰማያዊና ብርቱካናማ ቀለም ትንሿን ኪንግፊሸር አስቡ። ርዝመቷ 13 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከ100 ሜትር ላይ በ2000 ሚሊ ሜትርም ብትሆን ነጥብ ናት። በ1200 ከ10 ሜትር ላይ ግን የፎቶውን ወርድ ግማሽ ልትጠጋ ምንም አይቀራት። ለትንንሽ ወፎች መፍትሔው በቀስታ መጠጋት ነው፤ ተጨማሪ ኤክስ አይደለም።

እንዲህም ሆኖ ልቤ መጀመሪያ የሄደው ወደ ኒኮን ፒ900 ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ 83 ኤክስ፣ እስከ 2000 ሚሊ ሜትር የሚደርስ ካሜራ ነው። ከዚያ በኋላ የመጣው ፒ1000 ደግሞ 3000 ሚሊ ሜትር ይደርሳል፤ ክብደቱም ወደ አንድ ኪሎ ተኩል ይጠጋል። አዲሱ ሲወጣ 1,000 ዶላር ገደማ ነበር። እኛ አገር ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በባንክ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ከ100 ብር አልፏል። ዋጋውን በብር ስታሰሉት ልብ ይበርዳል። (በነገራችን ላይ እነዚህን ካሜራዎች የሚገዛው ሰው ግማሹ ጨረቃን ለማንሳት ነው መሰለኝ። ጨረቃ የትም አትሄድም፤ የሁላችንም የጨረቃ ፎቶ ደግሞ አንድ ዓይነት ነው።)

በሌላኛው ጫፍ ርካሾቹ አሉ። ሶኒ ኤች300 እስከ 875፣ ኒኮን ቢ500 እስከ 900 ሚሊ ሜትር ይሄዳሉ። ሁለቱም የሚሠሩት በማንኛውም ሱቅ በሚገኘው ተራ ትንሹ (ኤኤ) የባትሪ ድንጋይ ነው። መብራት በሚጠፋበት ከተማ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ግን ርካሹ ድንጋይ ካሜራ ውስጥ ሲገባ ወዲያው ስለሚሞት የሚሞላውን ዓይነት መግዛት የግድ ነው። ቢ500ን ከጓደኛዬ ተውሼ ይዤው ዞሬአለሁ። ፎቶው አይከፋም። የከበደኝ ቪውፋይንደር የሌለው መሆኑ ነው፤ ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት ትንሿ መስኮት ማለቴ ነው።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም የእኔ ምርጫ የተወሰነው በዚህች መስኮት ነው። ጣና ዳር ረፋዱ ላይ ፀሐይዋ ከላይ፣ ነጸብራቁ ከውኃው ይመጣል። የካሜራው ስክሪን ጥቁር ይሆናል። ወፏ ፍሬሙ ውስጥ ትኑር አትኑር አታውቁም። ሁለተኛው ነገር አያያዙ ነው። ስክሪን የሚያይ ሰው እጁን ዘርግቶ ነው የሚያነሳው። በ1200 ሚሊ ሜትር የእጅ መንቀጥቀጥ ቀርቶ ትንፋሽም ይታያል። በመስኮቷ ስታዩ ግን ካሜራው ግንባር ላይ ይደገፋል፤ ክርናችሁም ጎናችሁ ላይ ያርፋል። የካሜራው መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ ምንም ያህል ጎበዝ ቢሆን የዘረጋ እጅን አያድንም። ስለዚህ በጀታችሁ ጠባብ ከሆነ አዲስ ባለ ብዙ ኤክስ ከመግዛት፣ ያገለገለ ሆኖ ቪውፋይንደር ያለውን ውሰዱ። በዚህ ላይ ማንም ሐሳቤን አያስቀይረኝም።

በመጨረሻ በእቁቡ ብር የገዛሁት ያገለገለ ኤፍዜድ 80 ነው። የአክስቴ ልጅ ከአሜሪካ ሲመጣ ይዞልኝ መጣ። አውሮፓ ገበያ ላይ ኤፍዜድ 82 ይባላል፤ ካሜራው ግን ያው ነው። ክብደቱ ከ600 ግራም ትንሽ ይበልጣል። በዩኤስቢ ይሞላል፤ ማለትም ፓወርባንክ ካለ ጀልባ ላይም ቻርጅ ይደረጋል። ሮው ፋይል፣ ማለትም ካሜራው ያላቀነባበረውንና ኋላ በኮምፒውተር የሚስተካከለውን ፎቶ ያወጣል። ሰፊው 20 ሚሊ ሜትር ደግሞ ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትገቡ ይገባችኋል። ግድግዳው በሙሉ ሥዕል ነው፣ ወደ ኋላ የሚያፈገፍጉበት ቦታ ግን የለም። ፍላሽ ግን አጥፉ።

ያገለገለ የምትገዙ ሰዎች አንድ ነገር ተጠንቀቁ። የእነዚህ ካሜራዎች ሌንስ ሲወጣና ሲገባ አየር ይስባል፤ ከአየሩ ጋር አቧራ ይገባል። ሌንሱ ስለማይነቀል ሴንሰሩን (ብርሃኑን ተቀብሎ ፎቶ የሚያደርገውን ክፍል) ቤት ውስጥ ማጽዳት አይቻልም። ስለዚህ ሌንሱን እስከ መጨረሻው አውጡት፣ የሌንሱን ቀዳዳ አጥብባችሁ ኤፍ 8 ላይ አድርጉት፣ ጥርት ያለ ሰማይ ወይም ነጭ ግድግዳ አንሱ። ግራጫ ነጥቦች ካያችሁ ዋጋውን አስቀንሱ ወይም ተዉት። ዙሙን ደጋግማችሁ ስታወጡና ስታስገቡ የሚያንቋርር ድምፅ መስማት የለባችሁም። የስልክ መብራት ሌንሱ ውስጥ አብርታችሁ የሸረሪት ድር የመሰለ ነገር ካያችሁ ሻጋታ ነው፤ እሱን ለባለቤቱ መልሱለት። የእኛ ክረምት እርጥብ ስለሆነ እኔ ካሜራውን የማስቀምጠው ክዳኑ የሚገጥም ዕቃ ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከሚገኙት የእርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር ነው።

አሁን ወደ ልምምዱ። ሴንሰሩ በጣም ትንሽ ነው፣ 6.2 በ4.6 ሚሊ ሜትር ገደማ። የትልልቆቹ ካሜራዎች 36 በ24 ነው፤ በስፋት 30 ጊዜ ያህል ይበልጠዋል። ብርሃን ሲያንስ የሚደክመውም ለዚህ ነው። አይኤስኦን፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ያለውን ስሜት የሚወስነውን ቁጥር፣ ከ400 ባላሳልፈው ደስ ይለኛል፤ ሲጨንቀኝ 800። ለተቀመጠች ወፍ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/500 ሰከንድ፣ ለምትበረው 1/1000 እና ከዚያ በላይ አደርጋለሁ። "ጥራት ይጨምራል" ብላችሁ ኤፍ 8 ላይ አትዝጉት፤ በዚህ ሴንሰር ላይ ይበልጥ ያደበዝዛል። ወፏን ለማግኘት ደግሞ መጀመሪያ ሰፋ አድርጋችሁ ያዟት፣ መሐል ላይ አስቀምጧት፣ ከዚያ ዙም አድርጉ። በ1200 ላይ ሆናችሁ ሰማይ መፈለግ ጊዜ ማባከን ነው።

በጣም የወደድኩት ፕሪበርስት የሚባለውን ነው። ከ4ኬ ቪዲዮ ፎቶ በሚያወጣው የፎርኬ ፎቶ ምርጫ ውስጥ ትገኛለች። ሹተሩን ስትጫኑ ከመጫናችሁ በፊት የነበረውን አንድ ሰከንድ ያህልና ከዚያ በኋላ ያለውን አንድ ሰከንድ በሰከንድ 30 ፎቶ ያስቀምጥላችኋል። ጥቁርና ነጩ ኪንግፊሸር ውኃው ላይ ተንጠልጥሎ ክንፉን እያርገበገበ ቆይቶ በድንገት ይወረወራል። የእኛ ጣት ሁልጊዜ ትዘገያለች። ከዚህ በኋላ ግን መዘግየቷ ችግር መሆኑ ቀረ። ፎቶዎቹ 8 ሜጋፒክስል ብቻ ናቸው፤ ለስልክ ስክሪንም ለመካከለኛ ሕትመትም ይበቃሉ።

ስለ ሰዓትና ስለ ቦታ፦ ባሕር ዳር ያለችው በሐይቁ ደቡብ ጫፍ ነው። ከከተማው ዳርቻ ውኃውን ስታዩ በአብዛኛው ፊታችሁ ወደ ሰሜን ነው። ከጥቅምት እስከ የካቲት ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል ብርሃኑ ከጀርባ ወይም ከጎን ይመጣል። ከአውሮፓና ከእስያ የሚሰደዱት ወፎች እዚህ የሚከርሙትም በዚሁ ጊዜ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ያለውን አታሳልፉ። ረፋዱ ሲገፋ ውኃው ላይ ያለው አየር መርገብገብ ይጀምራል። ያን ጊዜ የሩቅ ፎቶ ሁሉ ይቀልጣል፤ ካሜራው 3000 ሚሊ ሜትር ቢኖረው ደግሞ እርግብግቡን ነው የሚያጎላው። ብዙ ሰው "ካሜራዬ ፎከስ አይይዝም" የሚለው በዚህ ሰዓት እያነሳ ይመስለኛል።

ጀልባ ላይ ስትሆኑ ካፒቴኑን ሞተር እንዲያጠፋ ለምኑት። ሞተሩ እየሠራ ጠርዙ ላይ አትደገፉ፣ ንዝረቱን በሙሉ ይሰጣችኋል። እኔ ሽምብራ የሞላሁበት ትንሽ የጨርቅ ከረጢት እይዛለሁ፤ ሞተሩ ሲጠፋ ጠርዙ ላይ አድርጌ ካሜራውን አስቀምጥበታለሁ። ከትሪፖድ የተሻለ ሆኖልኛል፤ ሽምብራውም ኋላ ይቆላል። እንደምታውቁት ረጅም ሌንስ ጥያቄ ያስነሳል። ወደ ድልድይና ወደ ጥበቃ ያለበት ግቢ አታዙሩት፣ ገጠር ስትገቡም መጀመሪያ ሰላም ብላችሁ ምን እንደምትሠሩ ተናገሩ። ፎቶዎቹን ስታሳዩ ነገሩ ይለዝባል፤ የአካባቢው ልጆች ደግሞ ወፎቹ የት እንደሚያድሩ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

ያልተፈታልኝ የዘጌ ጫካ ነው። ምንቃሩ ላይ ቀንድ ያለው ትልቁ ሆርንቢል ከላይ ቅርንጫፍ ላይ ይሆንና ከበስተጀርባው ነጭ ሰማይ ነው። ብርሃኑን አንድ ደረጃ ከፍ ሳደርገው ወፉ ይታያል፣ ሰማዩ ግን ይነጣል። ሮው ላይ ትንሽ ይመለሳል፤ በቂ ግን አይደለም። በዚህ የተሳካለት ካለ እንዴት እንዳደረገው ይጻፍልኝ። ቀጥሎ ያሰብኩት ፎገራ ሜዳ ሄጄ ክሬን የሚባሉትን ባለ ረጅም እግር ወፎች ማየት ነው፤ ለዚያ ሁለተኛ ባትሪ እያፈላለግሁ ነው። ኤፍዜድ 80ን ሳይገዛ መሞከር የሚፈልግ ደግሞ ቅዳሜ ጠዋት በ12 ሰዓት ተኩል ዳርቻው ላይ ያገኘኛል። የራሱን ሜሞሪ ካርድ ይዞ ይምጣ።