ለገና ሎስ አንጀለስ
ገናን ከእህቴ ጋር ለማክበር ታኅሣሥ 20 ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ በመኪና እንነሳለን። እናቴ የአገሩን መልክ በመስኮት ማየት ትፈልጋለች። መጀመሪያ ያሰብኩት በ40 ቁጥር አውራ ጎዳና ነበር። ነገር ግን በዚያ መንገድ ላይ ያለችው የአሪዞናዋ ፍላግስታፍ 2,100 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፤ በዚህ ወቅት በረዶ ይጥላል። ከዚያ ሁለት ሰዓት ያህል ቁልቁል ሲነዳ ደግሞ ፊኒክስ ሰው ቀን ቀን በሸሚዝ ይሄዳል! ደጋና ቆላ በአንድ ግዛት። ስለዚህ በደቡብ፣ በኤል ፓሶና በቱሳን በኩል እንዞራለን፤ መንገዱ ቢረዝምም የእናቴ ጉልበት ብርድ አይችልም። ቨርጂኒያ ተራሮች ላይ በረዶ ከገጠመን ሌሊት አልነዳም።

ጋቢዋ ከኋላ ወንበር ላይ ታጥፎ ተቀምጧል። ጾም ስለሆነ ስንቃችን ቆሎ ነው፤ ትናንት ማታ ሽምብራውን ራሷ ቆልታ፣ አንዷን ፍሬ በጥርሷ ሰብራ «ደርሷል፣ አውጪው» አለችኝ።