ውሃ ልኩን ያሰከረው ቤት

ቦስተን፣ ዶርቼስተር ውስጥ የገዛነው ቤት በ1912 የተሠራ ነው። ያሻሻጠን ደላላ «ቤቱ ታሪክ አለው» ብሎን ነበር። ታሪኩ ቀስ እያለ ወደ መሬት መስመጥ መሆኑን ግን አልጨመረም። ሳሎን ላይ ሎሚ ብታስቀምጡ ማንም ሳይነካው ወጥ ቤት ይገባል።

ማሞቂያው የእንፋሎት ነው። ቤዝመንት ያለው ቦይለር ውሃ ያፈላል፣ እንፋሎቱ በወፍራም የብረት ቧንቧ ወጥቶ ክፍሉን የሚያሞቀውን ብረት፣ ራዲያተሩን፣ ያግላል፣ ቀዝቅዞ ውሃ ሲሆን በዚያው ቧንቧ ይመለሳል። መውጫና መመለሻው አንድ ስለሆነ ቧንቧው በየ10 ጫማው 1 ኢንች ያህል ወደ ቦይለሩ ማዘንበል አለበት። የኛው ግን ቤቱ ሲሰምጥ መሃሉ ላይ ሆዱን ጥሏል። እዚያ የተኛውን ውሃ እንፋሎቱ ጠርጎ ያነሳና ከቧንቧው መታጠፊያ፣ ከጎሚቶው ጋር ያላትመዋል። ጓ! ጓ! ጓ!

እማዬ ከአዲስ አበባ የመጣችው ጥር ላይ፣ ብርዱ አጥንት በሚሰብርበት ሰሞን ነው። ሌሊት «ጓ!» ሲል ከመኝታ ቤቷ «ይግቡ!» አለች። ደገመ። «ኧረ ይግቡ!» ስወጣ ነጠላዋን አጣፍታ በሩን ልትከፍት ደርሳለች።

«እማዬ፣ ቧንቧው ነው።»

«ቧንቧ በር ያንኳኳል? እዚህ አገር ሰው ደጅ ሲቆም ቧንቧ ነው እያላችሁ ነው የምትተኙት?»

ባለሙያ ጠይቀን ነበር፤ የጠራው ዋጋ እማዬን አገር ቤት አድርሶ ይመልሳል። ስለዚህ ቅዳሜ ጋሼን ጠራናቸው፤ አገር ቤት ግንበኛ የነበሩ ጎረቤታችን ናቸው። (ቧንቧው ላይ የነበረውን፣ ብናኙ ሳንባ የሚጎዳውን የአስቤስቶስ ሽፋን የቀድሞዎቹ ባለቤቶች በባለሙያ አስነስተውታል። ያ ቢኖር ኖሮ ጋሼም እኔም አጠገቡ አንደርስም።)

ጋሼ ቧንቧውን ከጣሪያው አግዳሚ ጋር በዓይናቸው አስተያዩት። «ቀጥ ያለ ነው» አሉ። ውሃ ልክ ሲያስቀምጡበት አረፋዋ ሮጣ ጥግ ላይ ተለጠፈች። አገላበጡት፣ ነቀነቁት።

«ይሄ ነገር ጠጥቷል» አሉ።

የኔን አመጣሁ። የኔም ጠጥቷል። ለካ ጣሪያውና ቧንቧው አብረው ነው የጎበጡት፤ አስቀድመው እንደተመካከሩ የሐሰት ምስክሮች አንዱ ለአንዱ ይመሰክራል።

ቦይለሩን አጥፍተን እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን። ከመኪናዬ ክሪክ አወጣሁ፤ እላዩ ላይ ቋሚ እንጨት አቁመን ቀስ እያልን አነሳነው። ቧንቧው አቃሰተ፣ ግን ተነሳ። ማንጠልጠያዎቹን አጠበቅን፣ አረፋዋም አደብ ገዛች። ጋሼ «አየህ፣ ብረት ልመና ይወዳል» እያሉ ሳለ ከላይ ጩኸት መጣ።

«ኧረ ይሄ ብረት ሊሄድ ነው!»

ሽቅብ ሮጥን። ቧንቧው ሲነሳ የሳሎኑን ራዲያተር በመጋቢያው በኩል ይዞት ተነሥቷል፤ ሁለት እግሩ አየር ላይ ነው። እማዬ ለድርቆሽ ያሰጣችው እንጀራ ምንጣፉ ላይ ተበትኗል። እሷም ከብረቱ ፊት ለፊት ቆማ ታማትባለች።

የባሰው ደግሞ፣ ራዲያተሩ አሁን ያዘነበለው ውሃው መመለስ ካለበት በተቃራኒ ነው። በሌላኛውም በኩል፣ እንዲያውም ትንሽ በርከት አድርጎ፣ ከፍ ማድረግ ያስፈልጋል። ሳንቲም ደራርበን ከእግሩ ሥር ብናስገባ ዋጠው። ጋሼ ወጥ ቤት ገቡና የባለቤቴን መክተፊያ ይዘው ብቅ አሉ።

«ልጅቷ ገበያ ናት አይደል?»

መልስ ሳልሰጥ መጋዙ ሥራ ጀምሯል። አራት ሽብልቅ ወጣው። ውሃ ልኩ ሲቀመጥበት፣ እውነቴን ነው፣ ያማረ ዝንባሌ አሳየ።

ያን ሌሊት ቤቱ ዝም አለ። ጠዋት ግን ፎቅ ላይ የሚኖረው ተከራያችን ደወለ። የሱ ራዲያተርም በዚያው ቧንቧ ላይ የተቀጠለ ነው።

«ወንድሜ፣ ደህና አደርክ? ማታ ማን ነው ቡና ሲወቅጥ ያደረው?»

«ደህና» አልኩት። «ለመሆኑ ትርፍ መክተፊያ አለህ?»