ጅራፍ፣ ጎሚስታና የተጨማደደ ሃይላንድ

ደብረ ብርሃን ላይ ቡሄ ሲደርስ ጅራፍ ያላጮኸ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። ያ ጩኸት የጅራፉ ጫፍ ከድምፅ ፈጥኖ ሲያልፍ የሚወለድ ሾክ ዌቭ (የአየሩ ግፊት ድንገት የሚዘልበት ሞገድ) መሆኑን ያወቅሁት ግን ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ለመመረቂያዬ ፈጣን የአየር ፍሰትን የመረጥኩትም፣ እውነቱን ለመናገር፣ በዚያው ጅራፍ ሰበብ ነው።

የጀመርኩት በላፕቶፕ፣ ጋሪ ሶድ በፈረንጆቹ 1978 ባቀረበው የሾክ ቲዩብ ፈተና ነው፤ የፍሰት ኮድ ልክ መሆኑ የሚፈተንበት የታወቀ ስሌት ነው። ቧንቧ መሀሉ ላይ በስስ ግድግዳ ይከፈላል፤ በግራ የአየሩ ግፊቱም እፍግታውም (ዴንሲቲው) 1፣ በቀኝ ግፊቱ 0.1፣ እፍግታው 0.125። ግድግዳው ድንገት ሲነሣ ሾኩ ወደ ቀኝ ይሮጣል። ትክክለኛው መልስ ስለሚታወቅ ማታለል አይቻልም፤ የቧንቧው ርዝመት 1 ከሆነ፣ ሰዓቱ 0.2 ሲል ሾኩ 0.85 ላይ መገኘት አለበት። የእኔ ሌላ ቦታ ቆመ። ስሌቱ ቧንቧውን የሚከፋፍልባቸውን ነጥቦች 100፣ 400፣ 1600 አደረግኋቸው። ግራፉ አማረ፤ ሾኩ ግን ከስህተቱ ንቅንቅ አላለም።

ሁለት ሳምንት ከባከነ በኋላ የገባኝ፣ ፍጥነትንና ግፊትን በቀጥታ ማስላቴ ነው ጥፋቱ። ፍሰቱ ለስላሳ ሲሆን ችግር የለውም። ሾክ ግን ዝላይ ነው፤ ከአንዱ የቧንቧ ክፍል የወጣው መጠነ ቁስ፣ ሞመንተም (መጠነ ቁስ ሲባዛ በፍጥነት) እና ኢነርጂ አንድም ሳይጎድል ለጎረቤቱ ካልደረሰ በተሳሳተ ፍጥነት ይጓዛል። ይህን ርክክብ በሚጠብቀው፣ የሩሲያዊው የሒሳብ ሊቅ ጎዱኖቭ የ1959 ዘዴ እንደገና ስጽፈው በአንድ ማታ 0.85 ላይ ቁጭ አለ። (ስሌቱ በአንዴ የሚዘለውን ጊዜ አስረዝሜ ቁጥሮቹ ልክ ያጡብኝን ቀን አልቆጥረውም፤ የማይደርስበት የለም።)

ቀጥሎ እውነተኛ አየር አማረኝ። ቤተ ሙከራ ስላልነበረኝ ሰፈር ውስጥ ያለውን ጎሚስታ ለመንኩት። «ነፋስ ልትለካ ነው?» ብሎ ሳቀብኝና ኮምፕሬሰሩን ፈቀደልኝ። አንድ ሚሊሜትር ቀዳዳ ያለው ኖዝል (የአየር መውጫ አፍ) ገጠምኩ፤ የኮምፕሬሰሩ ጋን ሲተነፍስ ጌጁን (የግፊት መለኪያውን) በስልኬ ቀረጽኩ። በቀዳዳው ውስጥ አየሩ የድምፅን ፍጥነት እስከያዘ ድረስ የሚወጣው አየር ከጋኑ ግፊት ጋር በተመጣጠነ መልኩ ስለሚቀንስ፣ የግፊቱ ሎጋሪዝም በጊዜ ላይ ሲሳል ቀጥ ያለ መስመር ሊሰጠኝ ይገባ ነበር። ጎበጠብኝ። ጋኑ ስለቀዘቀዘ ይሆናል ብዬ ሙቀቱን ሁሉ አስተካከልኩ፤ ያው ነው።

መልሱን ያገኘሁት ሸዋ ሮቢት ለቅሶ ስሄድ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ ጠጥቼ የከደንኩት ባዶ ሃይላንድ ጣርማ በርን አልፈን ቆላው ውስጥ ስንገባ ተጨማዶ አገኘሁት። ለካ ጌጅ የሚያነበው ከውጭው አየር በላይ ያለውን ብቻ ነው፤ እኔ ደግሞ ከመጽሐፍ የወሰድኩትን የባሕር ጠለል 101 ኪሎፓስካል ስደምርበት ነበር። ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ የውጭው ግፊት 72 ኪሎፓስካል (0.72 ባር) ገደማ ነው። ቁጥሩን ስቀይር መስመሩ ቀና። የኖዝሉ ፍሰት ከድምፅ ፍጥነት በታች መውረድ የሚጀምርበት የጌጅ ንባብም ከ0.91 ወደ 0.64 ባር ወረደ።

ፍሰቱን መቆጣጠር ሌላ ጣጣ ነበረው። ቫልቩን ከኖዝሉ በኋላ ገጥሜ ግማሽ ድረስ ብዘጋው ጋኑ ምንም እንዳልተፈጠረ መተንፈሱን ቀጠለ። የቫልቩ ወሬ ወደ ላይ የሚሄደው በድምፅ ፍጥነት ነው፤ ቀዳዳው ላይ አየሩም በዚያው ፍጥነት ስለሚወርድበት ወሬው ከጋኑ አይደርስም። በኖዝሉና በቫልቩ መሀል ያለው ግፊት ከጋኑ ግፊት 53 በመቶ እስኪያልፍ ድረስ መዝጋቱ ዋጋ የለውም። ስለዚህ ነቀልኩትና ከኖዝሉ በፊት ሬጉላተር (ግፊት መቀነሻ) አስገባሁ።

ጌጁ 6 ባር ሲያነብ የሚወጣውን አየር በግማሽ ለመቀነስ 2.64 ላይ ሳቆመው ጎሚስታው ከኋላዬ ሆኖ ያያል። «ግማሹ ሦስት አይደለም እንዴ?» አለኝ። የተጨማደደውን ሃይላንድ ከቦርሳዬ አውጥቼ አሳየሁት።